በአራስ ቤት የዘለለው ቁጥር

እኔን ብሎ ማግኔት አዟሪ። ፊደል ሳልቆጥር ያረጀሁ፣ ስልክ ሲጠራ አረንጓዴውን ልጫን ቀዩን እያልኩ ዘግቼ የማርፍ ሴትዮ፣ በዚህ እድሜዬ የዩኒቨርሲቲ ሥራ ውስጥ ገባሁ። ማን አስገባሽ ካላችሁኝ አፌ ነው። "ይቺን ለማዞርማ እኔ ምን አነሰኝ" አልኩ፣ ከዚያ በኋላ መውጫው ጠፋኝ። አሁንም የማወራው እኔ ነኝ፣ የሚጽፈው ሌላ ሰው ነው። የተሳሳተ ነገር ካገኛችሁ የጻፈውን ተቆጡት።

ነገሩ የመጣው ከልጅ ልጄ ጋር ነው። አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪዋን ስትማር ቆይታ ሆዷ ሲገፋ ወደኔ መካነ ሰላም መጣች። እናቷ አረብ አገር ናት፣ ባሏ ሥራውን ትቶ መምጣት አልቻለም፣ እንግዲህ በአራስነቷ የማስታምማት እኔ ብቻ ነኝ። ሻንጣዋ ከባድ ነበር። የልጅ ልብስ ነው ብዬ ደስ እያለኝ ብከፍተው ጥጥ ውስጥ የተኛ ቁርጥራጭ መስታወት፣ ቁጥር የሚያሳይ እቃ ከነባትሪው፣ አናጢ ዙሪያውን በመጋዝ ጫር ጫር ያደረገው ክብ ጣውላ፣ ከዚያ ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ የልብስ ሳሙና ግማሽ የሚያክል ማግኔት። "ልጁን የምታለብሺው ይሄን ነው?" አልኳት። ሳቀች፣ ግን ዓይኗ አልሳቀም።

መስታወቱ ላይ ብረትና ኒኬል የሚሉት ነገር ተቀብቶበታል። ቀጭን ነው ስትለኝ እኔ የቆርቆሮ ቅጥነት መስሎኝ ነበር። ኧረ የለም፣ ፀጉር እንኳ ከሱ ጋር ሲተያይ ግንድ ነው አለችኝ። ወደ መስኮቱ ይዤ ሳየው መስታወት ላይ የተነፈሱት ትንፋሽ ይመስላል፣ ብቻ ትንፋሹ አይጠፋም። ውስጡ የራሴ ፊት ጠቆር ብሎ ያየኛል። ቶሎ አስቀመጥኩት።

የመጨረሻ ልኬቷ ነው የቀራት። የሚያስተምራት ሰውዬ ከፍልሰታ በኋላ ወደ ውጭ አገር ሊሄድ ነው። ከዚያ በፊት ቁጥሩ ካልደረሰው ምርቃቷ ይቀራል፣ ሌላ አስተማሪ እስኪገኝ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ አይታወቅም፣ ህፃን ታቅፎ ደግሞ ተመልሶ የሚማር ማን ነው። ይሄን አንድ ቀን ሽንኩርት ስትልጥልኝ ነገረችኝ። እንባዋ የሽንኩርት ይሁን የሌላ አላወቅሁም።

ወንድ ወለደች። ከጤና ጣቢያ በተመለሰች በሳምንቷ ጓዳ አልጋዋ ላይ ተደግፋ እቃዋን አስደረደረችኝ። ጠረጴዛዋን ከአልጋው ጋር አጋጠምናት። ክቡ ጣውላ ጠረጴዛው ላይ፣ መስታወቱ ኤሌክትሪክ ከሚያሳልፉበት መርፌዎቹ ጋር መሃል ላይ፣ ማግኔቱ ጣውላው ዳር። ጣውላው ሲዞር ማግኔቱ መስታወቱን ይዞራል፣ መስታወቱ ግን ባለበት ነው። እሷ ጡት እያጠባች እጇ አይበቃም፣ እኔ ከአንዱ ጭረት ወደ ሌላው ላዞር፣ እሷ ቁጥሩን ልትጽፍ። ሥራዬ ይሄው ነው።

"ምኑን ነው የምንለካው?" አልኳት። ሳታውቅ የምታዞር አህያ የዘይት መጭመቂያ ላይ ነው ያለችው።

አልጋው ላይ ያለውን የበግ ጠጉር ባና አሳየችኝ። በአንድ በኩል እጅዎን ቢያሳልፉት ይተኛል፣ በሌላው በኩል ይቆማል፣ አይደል? ብረቱም እንደዚያ ነው አለች። ማግኔትነቱ ሲሠራ ጀምሮ የሚወደው አቅጣጫ አለው፣ ዝም ካሉት ወደዚያ ዞሮ ይተኛል። ኤሌክትሪክ ስናሳልፍበት ታዲያ ብረቱ በዞረበት መስመር ከሄደ ይበልጥ ይቸገራል፣ አቋርጦት ከሄደ ይቀለዋል። እንዴት ተደርጎ፣ አብሮ መሄድ ነው እንጂ የሚቀለው ብዬ ተከራከርኳት። ከዚያ ሟቹን ባሌን አስታወስኩና ተውኩት። እሱ ወደ ገበያ ሲወጣ አብሬው ከሄድኩ እግሬ ያልቃል፣ መንገዱን አቋርጬ ብቻዬን ስሄድ ግን ቀድሜው እደርሳለሁ። "ገባኝ" አልኳት። እንዴት እንደገባኝ ስነግራት ስፌቷ እስኪያማት ሳቀች።

ማግኔቱ ቀርቦ ሲዞር ብረቱ ጨው እንዳየ በግ ተከትሎ ይዞራል፣ ቁጥሩም ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ማግኔቱን ራቅ ስናደርገው ነው ነገር የሚመጣው። ያን ጊዜ ብረቱ እምቢ ይላል። አዞራለሁ፣ እምቢ። አዞራለሁ፣ እምቢ። ድንገት አንዷ ጭረት ላይ ስደርስ ፊቱን ያዞራል፣ ቁጥሩም ይዘላል። "ፊቱን" ነው ያለችው። ዓይን የማያየው ነገር ፊት አለው ስትለኝ ጀርባዬን በረደኝ። እሷ የምትፈልገው ይሄንኑ እምቢታውን ነበር፣ ምን ያህል እንደሚጠናና የት ላይ እንደሚሸነፍ።

ክረምት ነው። ከሰዓት ሲሆን ጉሙ ከገደሉ ይወጣና በበሩ ስር ይገባል። መብራት ይሄዳል። ቤቱ ውስጥ የሚታየው ያቺ የቁጥሯ መስኮት ብቻ ትሆናለች፣ እንደ ድመት ዓይን። አንድ ከሰዓት ልጅቷ እያጠባች አሸለባት። እኔም እጄን ከጣውላው አንስቼ ነጠላዬ ውስጥ ሸጉጬ እስክትነቃ እጠብቃለሁ። ቁጥር ገበያና ስልክ ያስተምራል፣ እሱን አውቃለሁ። እያየሁት ቁጥሩ ተለወጠ።

ማንም አልነካውም። ልጁ በእንቅልፉ ተወራጨ። ልጅቷ ዓይኗን ገለጠችና "እምዬ፣ አዞሩት እንዴ?" አለችኝ። አላዞርኩም አልኳት። ሰው የረሳች አሮጊትን እንዴት እንደሚያይ ታውቃላችሁ፣ እንደዚያ አየችኝ። ቀና ስል ጎረቤቴ ገብታ አልጋው ላይ ጎንበስ ብላ ልጁን ታለብሰዋለች።

ጎረቤቴን ልንገራችሁ። ቤታችን አንድ ግድግዳ ነው የሚለየው። እሷ እስላም ናት እኔ ክርስቲያን፣ እሷ ስትወልድ እኔ አለሁ፣ እኔ ስወልድ እሷ አለች። ምላሷ ከኔ ይብሳል። አራስ ብቻዋን አትተውም፣ እኔ ውሃና እንጨት ስል ልጅቷ ጋ እንድትቀመጥ በየከሰዓቱ ትመጣ ነበር። ያን ቀን ተጫውታ፣ እኔን ሰድባ፣ ለልጁ ዱዓ አድርጋ ወጣች። ገና በሩን ሳትዘጋ ዞር ብዬ ሳየው ቁጥሩ ወደነበረበት ተመልሷል።

በማግስቱም ስትገባ ዘለለ፣ ስትወጣ ተመለሰ። በሦስተኛውም። ልጁ ደግሞ ያኔውኑ እግሩን ይሰበስባል።

እኔ ቀልደኛ ነኝ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው አስቃለሁ። ያን ሰሞን ግን ቀልዱ አልመጣ አለኝ። ለልጅቷ እንዳልነግራት በአራስ ፊት የሚያስፈራ ነገር አይወራም፣ ድንጋጤ ጡት ያደርቃል። ለጎረቤቴ እንዳልነግራት የሚዘለው በሷ ነው። ስትገባ ጥላዋን አያለሁ። ጫማዋን ስታወልቅ እግሯን አያለሁ፤ ያው የማውቀው እግር ነው፣ ተረከዙ የተሰነጣጠቀ። ስንት ዘመን አብሬያት ኖሬ ማን እንደሆነች አሁን ገና የምጠይቅ ሆንኩ። እሷም ተለወጠችብኝ። መሳደቡን ተወች። ልጁ ላይ ጎንበስ ስትል እጇን ፍራሹ ስር ትከታለች፣ ፊቷ አመድ ይሆናል፣ ከንፈሯ ቢስሚላሂ፣ ቢስሚላሂ ይላል። ታውቃለች አልኩ። የምታውቀውን አልነግር አለችኝ አልኩ።

ፍራሹ ስር ያለው ብረት ነው። የአራስ ብረት። እዚህ አገር እናትም ልጅም ካለ ብረት አያድሩም፣ ጂኑም ሌላውም ብረት ይፈራል ነው የሚባለው። ካራውን ራሴ ነኝ ራስጌ ስር ያስገባሁት፣ ልጅቷም እየሳቀች "እንደፈለጉ ያድርጉ እምዬ" ብላኝ ነበር። እኔ በዚህ አልቀልድም። የመጀመሪያ ልጄን በአራስነቴ ነው ያጣሁት። ያን ቀን ካራው ለበግ ማረጃ ተፈልጎ ወጥቶ ነበር። ማታ ልጁ ደህና ነበር፣ ጠዋት ቀዝቅዞ አገኘሁት። በምን እንደሞተ የነገረኝ የለም። ብረቱ ወጥቶ ነበር፣ እሱን ብቻ ነው የማውቀው።

ልጅቷ ቁጥሮቹን በስልኳ ላከች። ኔትወርኩ በሩ አጠገብ ካልሆነ አይዝም፣ ባና ተከናንባ ቆማ ከአስተማሪዋ ጋር ስታወራ እኔ ከጓዳ እሰማለሁ። ትንሽ ነው ያወራችው። ያለቦታው የሚዘል ነገር አለ አላት፣ መስታወቱ ሳይበላሽ አልቀረም፣ እንዲህ ከሆነ ይሄን ሥራ ልቀበልሽ አልችልም። ስልኩን ዘጋች፣ ተኛች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልጁ ሲያለቅስ ቶሎ አላነሳችውም። እኔ ያን ጊዜ የፈራሁትን ያህል ፈርቼ አላውቅም። ያ ነገር ምንም ይሁን ምን፣ ቁጥሩን ብቻ አይደለም የሚነካው፣ ልጅቷን ሊወስዳት ነው አልኩ።

በማግስቱ ከሰዓት ልጁ አልጋውን አረጠበው። ልጅቷ ህፃኑን ታቅፋ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ እኔ ፍራሹን ላነሳ ራስጌውን ገለጥኩና ካራውን ላወጣ ሳብኩት።

አልመጣም።

ሳብ አደረግኩት። ከታች የሆነ ነገር ሳበው። ጠንከር አድርጌ ስስብ ትንሽ ይመጣል፣ ሳላላ ተመልሶ ይገባል። ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው፣ እልህ የለበትም፣ ህፃን ጣት ሲይዝ እንደሚይዘው ያህል። እጄን ልቀቅ ብለው አልለቅም አለኝ። ቀና ስል ጎረቤቴ በሩ ላይ ጉሙ ውስጥ ቆማ ታየኛለች።

"አንቺንም ያዘሽ?" አለችኝ ቀስ ብላ።

እንግዲህ እሷም ስንት ቀን ሙሉ ካራውን ባነሳችና ባስቀመጠች ቁጥር ከታች የሚይዝባት ነገር ነበረ፣ አራስ እንዳትደነግጥ ብላ ዋጥ አድርጋው ኖራለች። እኔ በሷ ስጠረጥር እሷ ደግሞ ቤቴን ጠርጥራ ነበር። ሁለት ባልቴቶች፣ አንዷ አልጋው ጎን፣ አንዷ ደጃፍ፣ ማንም ንቅንቅ አይልም።

ልጅቷ እኛን አየች፣ ካራውን አየች። "እምዬ፣ ማግኔቱን ማታ ማታ የት ነው የማስቀምጠው?" አለች። እኔ ምን አውቄ። ልጁን ሰጠችኝና ፍራሹን እስከ መሃል ገለበጠችው። በጨርቅ የተጠቀለለው ማግኔት እዚያው ራስጌ ስር ነው፣ ስልኳን እንዳያበላሽባት ከሥራ በኋላ እዚያ ትሸጉጠው ነበር። ካራው ከነጨርቁ ተለጥፎበታል። አላቀቀችው። ከቀሚሴ ላይ የምሰካውን መርፌ ወስዳ ወደ ካራው አስጠጋችው፣ መርፌዋ ብድግ ብላ ካራው ላይ ቆመች። ማግኔቱ እዚያ የለም። ካራው ራሱ ነው የያዛት።

ከማግኔት ጋር ስንት ሌሊት ተኝቶ እሱም ማግኔት ሆኗል፣ ማግኔቱ ጠረጴዛው ላይ ሲውልም ካራው ራሱ የአልጋውን ሚስማር ይይዛል አለች ልጅቷ። ከዚያ ወደ ጎረቤቴ ዞራ፣ "እትዬ፣ ካራውን ያነሱት ነበር እንዴ?" ብላ ጠየቀቻት።

ጎረቤቴ አልካደችም። እኛ ቤት ብረቱ አንዴ ራስጌ ከገባ አይነቃነቅም። በነሱ ወገን ግን ከውጭ ሰው ሲገባ ብረቱ በልጁና በበሩ መሃል መሆን አለበት፣ ሰውዬው ምን አስከትሎ እንደገባ አይታወቅማ። እሷ ራሷ ደግሞ ከውጭ ነው የምትገባው። ስለዚህ በየቀኑ ስትገባ ከራሷ ልጁን ለመከለል ካራውን ከራስጌ አውጥታ ከልጁ ጎን ፍራሹ ዳር ትሸጉጠዋለች፣ ስትወጣ ትመልሰዋለች። የተማረችዋ እንዳትስቅባት ልጁን የምታለብስ እየመሰለች። ፍራሹ ዳር ማለት ደግሞ ጠረጴዛው ጥግ ማለት ነው፣ ከመስታወቱ አንድ መዳፍ ቢርቅ ነው። ማግኔቱን ባራቅነው ሰዓት ያ ብረት ልዙር አልዙር ብሎ በቋፍ ነው ያለው፣ ትንሽ ነገር ትበቃዋለች። ካራው ሲመጣ ፊቱን ያዞራል። ካራው ሲሄድ ይመለሳል። ልጁ የሚወራጨውም ቀዝቃዛ እጅ ጎኑ ስር ሲገባ ነው።

ልጅቷ ሳቀች፣ ስቃ ስቃ አለቀሰች። መስታወቱ አልተበላሸም። ከዚያ ፊቴን እያየች፣ "እንግዲህ ካራው ከዚህ ክፍል መውጣት አለበት" አለች።

እምቢ አልኳት።

አዲስ ካራ እንቀይረው አለች። ቀይሪው፣ እሱም ከጎኑ ሲያድር ያው ይሆናል፣ ባይሆንም ብረት ብረት ነው፣ ከጠረጴዛው ጥግ ካለ ልኬቱን ያዛባል ብላ ራሷው ነገረችኝ። አንድ ከሰዓት ብቻ እምዬ፣ አለች። ያን ጊዜ ካራውን ለበግ ማረጃ የወሰደው ሰውዬም አንድ ከሰዓት ብቻ ነበር ያለኝ። ይሄን ጮክ ብዬ አላልኩትም፣ በአራስ ፊት አይባልም። ግን ጎረቤቴ ያን ጊዜም አብራኝ ነበረችና ፊቴን አነበበችው።

"አብሽሪ" አለችኝ። "ልጁንም ብረቱንም ለኔ ስጪኝ። እኔ በሩ ላይ እቀመጣለሁ። የሚመጣው ነገር መጀመሪያ እኔን ይለፍ።"

ወሰደቻቸው። በጓዳው ግድግዳ ቀዳዳ ይታየኛል፣ ሳሎን የውጭውን በር ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ ልጁ ጭኗ ላይ፣ ካራው ጉልበቷ ላይ ተጋድሟል። እኔ ከልጅቷ ጋር ጓዳ ቀረሁ። ጉሙ መስኮቱን ሸፈነው። አዞራለሁ፣ እምቢ። አዞራለሁ፣ እምቢ። ከዚያ ዘለለ። ሙሉ ዙር ዞረን ደግመን ስንመጣ እዚያችው ጭረት ላይ ዘለለ። ወደ ኋላ ያዙሩት አለችኝ። ወደ ኋላ ሳዞር እዚያ ቦታ ላይ አልዘለለም፣ አልፎ ሄዶ ነው የዘለለው። ከየት እንደመጣ የሚያስታውስ ይመስል።

"ይሄው ነው" አለች ልጅቷ፣ ጉንጯ ቀልቶ። "ይሄው ነው እምዬ፣ ያዙሩ።"

እሷ ደስ ሲላት እኔን ግን የባሰ ፍርሃት ያዘኝ። ስንት ቀን የፈራሁት ካራ ነበር፣ እሺ። ካራው አሁን ወጥቷል። ጎረቤቴ ወጥታለች። ልጁ ወጥቷል። ግን ያ ነገር ትንፋሽ የማያክል አካሉን ይዞ አሁንም እምቢ ይላል፣ ሲፈልግ ይዞራል፣ የሄደበትን ያውቃል። አሁን ማን ነው የሚያዞረው ብዬ ጠየቅኳት። "ማግኔቱ ይገፋዋል፣ እሱ ደግሞ የራሱን ይይዛል። ሲሠራ የያዘው አቅጣጫ ነው" አለችኝ፣ እየጻፈች፣ ቀና እንኳ ሳትል። መልስ ነው፣ መልስ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም እጄ ጣውላው ላይ እንዳለ ጠጉሬ ቆመ። በየመሃሉ በቀዳዳው እያየሁ የልጁ ደረት ከፍ ዝቅ ማለቱን እመለከታለሁ። ከፍ ሲል አዞራለሁ።

ሲመሽ ጨረስን። ልጁን ተቀብዬ ጉንጩን በጉንጬ ነካሁት። ሞቋል። ካራው ያን ማታ ራስጌ ገባ፣ ማግኔቱ ቁምሳጥን ላይ ወጣ።

አስተማሪዋ ቁጥሩን ተቀበለ። ልጁ ክርስትና ከተነሳ በኋላ አዲስ አበባ ወርዳ ሥራዋን አቅርባ ጥቁር ካባ ለብሳ የተነሳችውን ፎቶ በስልኬ ላከችልኝ፣ ሰው አስከፍቼ አየሁት። ቤቴ ሰው ሰብስቤ ድግስ ቢጤ አደረግሁ። እንግዲህ አፌን ታውቁታላችሁ፣ ካራው እንዴት እንደያዘኝ፣ ቁጥሩ በጉም ውስጥ እንዴት እንደዘለለ፣ እኔ እንዴት አድርጌ በእጄ ዲግሪ እንዳዞርኩ አወራሁ። እንግዳው ሁሉ ይስቃል፣ ይፈራል፣ ደግሞ ይስቃል። ጎረቤቴ ብቻ አልሳቀችም። ብርጭቆዋን አስቀመጠችና እንዲህ አለችኝ፦

"ጥሩ ነው፣ ተመረቀች። ያን ሁሉ ሰሞን ግን ሁላችሁም ያንን መስታወት ስታዩ ልጁን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።"